ዲኤክስ ላይ 5ኬ ሞተርና ስፖርት ካም ከተገጠመ በኋላ ታይሚንግ እንዴት ይመረመራል፣ እንዴት ይስተካከላል

የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክሱ 4ኬ ሞተር ወርዶ 5ኬ ገባ። ካምሻፍቱም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቫልቭን ይበልጥና ረዘም ላለ ጊዜ በሚከፍት ስፖርት ካም ተቀየረ። ሞተሩ ግን በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) አይጸናም፣ ይጠፋል። በካርቡሬተር በኩል ይተኩሳል። ዳገት ላይ ጉልበት የለውም። እዚህ ጋ ሲደረስ ብዙ ሰው ካቻቢቴ አንስቶ የካርቡሬተሩን ብሎን ያዞራል። እሱ እምቢ ሲለው ዲስትሪቢዩተሩን ያዞራል። ማታ ላይ ከመነሻው ትክክል የነበረው ነገር የቱ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ታይሚንግ ማለት ቫልቭ የሚከፈትበትና ካንዴላ እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ከፒስተኑ ጉዞ ጋር መግጠሙ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ካምና ቫልቭ። ቀጥሎ እሳት። ካርቡሬተር መጨረሻ ነው። አንዱን በመለኪያ ሳታረጋግጡ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

ከታች ያሉት ዝርዝሮች ለቶዮታ ኬ ሞተሮች ናቸው። ካሙ ብሎኩ ውስጥ ሆኖ በካቴና ይዞራል፣ ቫልቩን በታፔት፣ በፑሽሮድና በሮከር ይከፍታል። ሌላ ሞተር ላይም ቅደም ተከተሉ ይሠራል። ቁጥሮቹን ግን እንዳለ አትውሰዱ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች፦

- የካሙ ወረቀት። ሊፍቱ (የሚያነሳው ከፍታ)፣ ዱሬሽኑ (ቫልቩ ተከፍቶ የሚቆይበት ዲግሪ)፣ የኢንቴክ ሴንተርላይኑ (የማስገቢያው ቫልቭ በጣም የሚከፈትበት ዲግሪ) እና የቫልቭ ክፍተቱ የተጻፈበት። ይህ ወረቀት ከሌለ ግምት ላይ ናችሁ፤ ሻጩን ጠይቁ።
- ዳያል ጌጅ ከነማግኔቱ፣ ፊለር ጌጅ፣ የታይሚንግ መብራት፣ የቫኪዩም ጌጅ፣ የኮምፕረሽን መለኪያ፣ መልቲሜትር።
- በ360 ዲግሪ የተከፈለ ክብ ሰሌዳ። አትማችሁ ጠንካራ ካርቶን ላይ ብትለጥፉት ይበቃል። ሰፋ ሲል ንባቡ ይቀላል።
- ፒስተን ማቆሚያ። የድሮ ካንዴላ ውስጡን አስወጥታችሁ ጫፉ የተሞረደ ብሎን ቶርኖ ቤት ብታስገጥሙበት ይሆናል።
- ነጭ ቀለም፣ ማስታወሻ ደብተር።

ደብተሩን እንደ ትርፍ ነገር አትዩት። እያንዳንዱን ንባብ ከነሰዓቱ ጻፉ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

ማስጠንቀቂያ። ሞተሩን በመፍቻ በእጅ ስታዞሩ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፣ ባትሪው ይነቀል። በመሃል ጠጠር ብሎ ከቆመ አታስገድዱ፤ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ሊፍቱ ከፋብሪካው ካም የበለጠ ከሆነ ቴስታታው ሳይዘጋ ፒስተኑ ላይ የልጆች ፕላስቲሲን አስቀምጣችሁ ክፍተቱን ለኩ። ለኢንቴክ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር፣ ለኤግዞስት 2.5 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። ስፕሪንጉም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጥምዞቹ መነካካት የለባቸውም።

ታፔቱ። አዲስ ካም ላይ ያረጀ ታፔት አይገጠምም። አሮጌው ታፔት አዲሱን ካም በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ችግር ልክ የታይሚንግ ችግር ይመስላል። 5ኬ በሀይድሮሊክ ታፔትም በተራ ታፔትም ተሠርቷል። የያዛችሁት ካም ለየትኛው እንደተሠራ አረጋግጡ።

## ደረጃ 1፦ ታይሚንግ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ችግሮችን አስወግዱ

4ኬ 1,290 ሲሲ ነው፣ 5ኬ 1,486 ሲሲ። የፒስተኑ ጉዞ ሁለቱም ላይ 73 ሚሊሜትር ነው፤ የሰፋው ሲሊንደሩ ነው። ከውጭ ስለሚመሳሰሉ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። መዘዙም እዚያው ላይ ነው። ከላይትኤስ ወይም ከፎርክሊፍት በወረደ 5ኬ ላይ የድሮው 4ኬ ፑሊ፣ ሽፋንና ዲስትሪቢዩተር ሲገጠሙ ምልክቶቹ ላይናበቡ ይችላሉ።

1. ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ መታሰሩን እዩ። ሞተር ሲወርድ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል። ከሌለ እሳቱ ይደክማል፣ ሞተሪኖው ይሰንፋል፣ የጋዝ ገመዱም ይግላል።
2. ቁልፍ ተከፍቶ የቦቢናውን ፖዘቲቭ ለኩ። ሞተሪኖ ሲዞርም ለኩ። በማስነሳት ጊዜ ቮልቱ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ሽቦ ነው።
3. የቫኪዩም ቱቦዎችን አንድ በአንድ ተከተሉ። ክፍት የቀረውን ድፈኑ።
4. ነዳጅ መምጣቱን አረጋግጡ። የሜካኒካል ፖምፑን የሚገፋው ካሙ ራሱ ነው። አንዳንድ ስፖርት ካም ያንን ክፍል አይሠራለትም። ከሌለው የኤሌክትሪክ ፖምፕ ያስፈልጋል።

እዚህ ጋ ስህተት ካገኛችሁ አስተካክላችሁ ሞክሩ። አንዳንዱ መኪና እዚሁ ይድናል።

## ደረጃ 2፦ እውነተኛውን ቲዲሲ ፈልጉ

ቲዲሲ ማለት ፒስተኑ የመጨረሻው ከፍታ ላይ የሚደርስበት ነጥብ ነው። ፑሊው ላይ ያለውን ጭረት ገና አትመኑት። ፑሊውና የታይሚንግ ሽፋኑ ከተለያየ ሞተር የመጡ ከሆነ ዜሮው ዜሮ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምትለኩት ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ ስለሚቆም ጊዜ ስጡት።

1. የዲግሪ ሰሌዳውን ፑሊው ላይ እሰሩ። ከሽቦ ጠቋሚ ሥሩና ብሎኩ ላይ አጥብቁት።
2. 1ኛው ሲሊንደር፣ ማለትም ወደ ራዲያተሩ ያለው፣ ፒስተኑ ዝቅ ሲል ማቆሚያውን በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ።
3. ሞተሩን ወደ ሥራው አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ፒስተኑ ማቆሚያውን ሲነካ ንባቡን ጻፉ።
4. ወደኋላ መልሳችሁ በሌላው በኩል እስኪነካ አዙሩ። ጻፉ። ወደኋላ ስታዞሩ የፑሊው ብሎን እንዳይላላ ቀስ በሉ።
5. የሁለቱ ንባቦች መሃል ቲዲሲ ነው። በአንድ በኩል 24፣ በሌላው 30 ካነበባችሁ ሁለቱም ላይ 27 እንዲመጣ ጠቋሚውን አንቀሳቅሱ።
6. ደግማችሁ ለኩ። እኩል ካልመጣ ሰሌዳው ተንሸራቷል ወይም ጠቋሚው ተጣሟል።

ማቆሚያውን አውጥታችሁ ሞተሩን ቲዲሲ ላይ አቁሙና የፑሊውን ምልክት እዩ። ከዜሮ ጋር ካልገጠመ የድሮውን ጭረት አጥፉ፣ አዲስ ነጭ መስመር አስምሩ።

በዚያው ፑሊው ላይ 10፣ 20 እና 30 ዲግሪን ምልክት አድርጉ። የፑሊውን ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ለክታችሁ በ3.14 አባዙ፣ ለ360 አካፍሉ። ስፋቱ 120 ሚሊሜትር ቢሆን አንድ ዲግሪ 1.05 ሚሊሜትር ይሆናል፣ 30 ዲግሪ ደግሞ 31.4 ሚሊሜትር። ኋላ እሳቱን ስትለኩ ይህ ምልክት ይፈለጋል።

## ደረጃ 3፦ የካሙን ታይሚንግ አረጋግጡ

### ካቴናው ልል መሆኑን መጀመሪያ እወቁ

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ። ሞተሩን ወደ ፊት ጥቂት አዙራችሁ አቁሙ፣ ሰሌዳውን አንብቡ። አሁን ወደኋላ ቀስ ብላችሁ መልሱ፣ ሮተሩን (ክዳኑ ሥር የሚዞረውን) እያያችሁ። ሮተሩ መንቀሳቀስ ሲጀምር ስንት ዲግሪ ሄዷል? ከ5 በላይ ከሆነ ካቴናውንና መወጠሪያውን በጥርጣሬ እዩ። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይሩ። በላላ ካቴና ላይ የተለካ ካም ነገ ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

### ፈጣኑ መንገድ

ዳያል ጌጅ ለሌለው ይህ ይረዳል። ሞተሩን ቲዲሲ ላይ አቁሙ። 1ኛው እና 4ኛው ፒስተን አብረው ላይ ይወጣሉ። ከሁለቱ በአንደኛው ሁለቱም ቫልቮች ትንሽ ተከፍተው ታገኛላችሁ። ኤግዞስቱ እየተዘጋ ነው፣ ኢንቴኩ እየተከፈተ ነው።

ሁለቱ ሮከሮች ስንት ያህል እንደወረዱ አነጻጽሩ። ኢንቴክና ኤግዞስቱ አንድ ዓይነት ቅርጽ ባለው ካም ላይ እኩል ከተከፈቱ ካሙ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ኢንቴኩ ጥቂት ከበለጠ ካሙ ትንሽ ቀድሟል፤ ብዙ የመንገድ ካሞች ሆን ተብሎ እንዲህ ይሠራሉ። ኤግዞስቱ ከበለጠ ካሙ ዘግይቷል። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሌላው በጣም ተከፍቶ ካገኛችሁ የጥርስ ስህተት አለ።

### ትክክለኛው መንገድ

1. የ1ኛውን ኢንቴክ ፑሽሮድ ከሮከሩ አላቁና ዳያል ጌጁን ጫፉ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉ። ታፔቱ ሀይድሮሊክ ከሆነ ለዚህ ልኬት በተራ ታፔት ተኩት፤ አለበለዚያ ንባቡ ይዋዥቃል።
2. ሞተሩን አዙራችሁ ከፍተኛውን ሊፍት ፈልጉ። እዚያ ጌጁን ዜሮ አድርጉ።
3. ወደኋላ 3 ሚሊሜትር ያህል መልሱና እንደገና ወደ ፊት እየመጣችሁ ከጫፉ 1.27 ሚሊሜትር ሲቀር አቁሙ። ሰሌዳውን ጻፉ።
4. ወደ ፊት ቀጥሉ። ጫፉን አልፎ 1.27 ሚሊሜትር ሲወርድ አቁሙ። ጻፉ።
5. ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። 68 እና 150 ካነበባችሁ ድምሩ 218፣ ሴንተርላይኑ 109 ዲግሪ ነው።
6. ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ወረቀቱ 106 ካለ ካሙ በ3 ዲግሪ ዘግይቷል። የናንተ ቁጥር ከወረቀቱ ካነሰ ካሙ ቀድሟል።

ንባብ የሚወሰደው ወደ ፊት እየዞረ ብቻ ነው። ወደኋላ እየመለሱ ካነበቡ የካቴናው ልልነት ቁጥሩ ውስጥ ይገባል።

ዳያል ጌጁ በእጃችሁ እያለ የስምንቱንም ፑሽሮዶች ሊፍት ለኩ። ኢንቴኮቹ እርስ በርስ፣ ኤግዞስቶቹም እርስ በርስ እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ በግማሽ ሚሊሜትር ካነሰ ያ የካም ጉብታ ተበልቷል። ከዚያ ወዲያ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም፤ ካምና ታፔት አብረው ይቀየራሉ፣ ዘይትና ፊልትሮም እንዲሁ።

### ቁጥሩ ካልገጠመ

የካም ማርሹን ጥርሶች ቁጠሩ። 720ን ለጥርሱ ብዛት አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር አንድ ጥርስ ሲሳሳት በክራንክሻፍቱ ላይ የሚታየው ዲግሪ ነው። ለምሳሌ 36 ጥርስ ከሆነ 20 ዲግሪ። ስህተታችሁ ለዚያ ቁጥር ከቀረበ ሽፋኑን አውርዱና ካቴናውን በምልክቶቹ መሠረት እንደገና አስገቡ። ሁለት ሦስት ዲግሪ የሚሳሳትን ካም ግን ጥርስ በማዝለል አታስተካክሉም። እሱ የሚስተካከል የካም ማርሽ ወይም ቶርኖ ቤት የሚሠራ ማዕከሉ የራቀ ቡሽ ይፈልጋል።

ሁለት ዲግሪ ያህል ልዩነት ለመንገድ መኪና ይታለፋል። የሚሻለው ወደ መቅደም ያደላ ነው፤ ካሙ ሲቀድም በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ይጨምራል። አዲስ አበባ ውስጥ በዳገትና በቆም ሂድ ለሚሠራ ዲኤክስ የሚጠቅመው ያ ነው። የካሙ ታይሚንግ ሲቀየር የፒስተንና የቫልቭ ርቀትም ስለሚቀየር ከ4 ዲግሪ በላይ ካንቀሳቀሳችሁ ያንን ክፍተት እንደገና ለኩ።

## ደረጃ 4፦ የቫልቭ ክፍተት

ተራ ታፔት ላላቸው ኬ ሞተሮች የፋብሪካው ክፍተት ሞተሩ ግሎ ኢንቴክ 0.20፣ ኤግዞስት 0.30 ሚሊሜትር ነው። የስፖርት ካም ወረቀት ሌላ ቁጥር ካለው ወረቀቱን ተከተሉ። ክፍተት ሲጠብ ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶ ይዘጋል። ስለዚህ ክፍተት የታይሚንግ አካል ነው።

የእሳቱ ተራ 1-3-4-2 ነው። ለረጅም ዱሬሽን ካም የሚያስተማምነው መንገድ ይህ ነው፦ የሁለቱ ሲሊንደሮች ቁጥር ሲደመር 5 ይሁን። 4ኛው ላይ ሁለቱ ሮከሮች ሲወዛወዙ የ1ኛውን ሁለት ቫልቮች አስተካክሉ። 2ኛው ሲወዛወዝ 3ኛውን፣ 1ኛው ሲወዛወዝ 4ኛውን፣ 3ኛው ሲወዛወዝ 2ኛውን።

ለመጀመሪያ ጊዜ በቀዝቃዛ ሞተር የምታስተካክሉት ለማስነሻ ብቻ ነው። ሲግል ደግማችሁ ታስተካክላላችሁ።

## ደረጃ 5፦ ዲስትሪቢዩተሩን ሞተር ሳይነሳ አስተካክሉ

አዲስ ካም በሞተሪኖ ለረጅም ጊዜ መዞርን አይወድም። የካሙ ቅባት ይጠረጋል። ስለዚህ ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ እንዲነሳ እሳቱ ቀድሞ ቦታው ላይ መሆን አለበት።

1. 1ኛውን ሲሊንደር በኮምፕረሽን ጉዞው ላይ አምጡ። የ1ኛው ሁለት ሮከሮች ልል ናቸው፣ የ4ኛው ይወዛወዛሉ።
2. ፑሊውን ከቲዲሲ በፊት 10 ዲግሪ ላይ አቁሙ።
3. ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠው ኮንታክት) ካለው ክፍተቱን 0.45 ሚሊሜትር አድርጉ።
4. ዲስትሪቢዩተሩን አስገቡ። ሮተሩ ወደ 1ኛው ካንዴላ ገመድ ማየት አለበት። ሲገባ ማርሹ ሮተሩን ስለሚያዞረው ቀድማችሁ ጥቂት ወደኋላ መልሱት። እስከ ታች ካልተቀመጠ በብሎን ጎትታችሁ አታስገቡት፤ ከሥሩ አልተያያዘም ማለት ነው። አውጥታችሁ ድገሙ።
5. የሙከራ መብራት በቦቢናው ኔጌቲቭና በቦዲው መሃል አገናኙ። ቁልፍ ክፈቱ። አካሉን ቀስ ብላችሁ ከሮተሩ አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩ። መብራቱ ልክ ሲበራ ፑንቲናው ተከፍቷል። እዚያ እሰሩ። ቁልፉን ዝጉ። ፑንቲና የሌለው ከሆነ የሮተሩን ጥርስ ከማንበቢያው ጫፍ ጋር ፊት ለፊት አግጥሙ።
6. ሮተሩ በየት በኩል እንደሚዞር በዓይናችሁ አይታችሁ ገመዶቹን በዚያ አቅጣጫ 1-3-4-2 አስገቡ።

ዲስትሪቢዩተሩ በአንድ ጥርስ ተሳስቷል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይነሳል። አካሉን አዙራችሁ ትክክለኛው ዲግሪ ላይ ከደረሳችሁና የቫኪዩም ጣሳው ብሎኩን ካልነካ ጥርሱ ለሞተሩ ለውጥ የለውም።

## ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ማስነሳት

ውሃና ዘይት ሙሉ ይሁኑ። ዘይቱ ተራ ታፔት ላላቸው ሞተሮች የሚሆን፣ ዚንክ ያለበት ይሁን። ካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ ይኑር። ጢሱ እንዳይጎዳችሁ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ላይ ሁኑ።

ሞተሩ ሲነሳ በሚኒሞ አታቁሙት። ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አውጡትና በ2,000 እና 2,500 መካከል ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ለ20 ደቂቃ ያዙት። በሚኒሞ ላይ ታፔቱ የሚያገኘው ዘይት ትንሽ ነው፤ አዲስ ካም የሚጠፋው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው። ሙቀቱ ከወጣ አጥፉት፣ ሲበርድ የቀረውን ጨርሱ። ከዚያ ዘይቱን ቀይሩ። ሀይድሮሊክ ታፔት ላይም ይኸው ነው።

### ካልተነሳ

ከአሥር ሰከንድ በላይ አታሽከርክሩ። ቁሙና የሚያሳየውን ምልክት አንብቡ።

በካርቡሬተር በኩል ይተኩሳል፣ ጨርሶ አይነሳም፦ ዲስትሪቢዩተሩ 180 ዲግሪ ተገልብጧል። 1ኛው በኮምፕረሽን ሳይሆን በኤግዞስት ላይ እያለ ነው የተገጠመው። አውጥታችሁ ግማሽ ዙር መልሱ።

ሞተሪኖው እየተገፋ ይመለሳል፦ እሳቱ በጣም ቀድሟል። ሁለት ሦስት ዲግሪ አዘግዩ።

ይነሳል ግን በሁለት ሲሊንደር ብቻ ይሠራል፦ የ2ኛውና የ3ኛው ገመድ ተለዋውጧል።

ይነሳል፣ ኤግዞስቱ ቶሎ ይቀላል፣ በማርሚታው ይተኩሳል፦ እሳቱ በጣም ዘግይቷል።

## ደረጃ 7፦ ኮምፕረሽንና ቫኪዩም፣ በአዲስ አበባ ቁጥር

ካሙ በትክክል የተገጠመባቸው ሞተሮች እንደገና የሚፈቱት እዚህ ጋ ነው። ሰዎች መመሪያ ላይ ያለውን ቁጥር ይዘው ጌጁን ያያሉ፤ ጌጁ ዝቅ ይላል፤ ካሙ ላይ ይፈርዳሉ። ነገር ግን አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ከአራት ሦስት እጁ ያህል ብቻ ነው።

ቫኪዩም። በዝቅተኛ ቦታ ጤነኛ የፋብሪካ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል። ከፍታ በየ300 ሜትሩ ሲጨምር 1 ኢንች ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከ7 እስከ 8 ያህል ቀንሱ። ከ9 እስከ 14 ጤነኛ ነው። ስፖርት ካም ሲጨመር ከዚያም ጥቂት ይወርዳል፣ መርፌውም በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል። በ2,000 ዙር ከረጋ አትጨነቁ።

የሚያሳስበው መርፌው በየተወሰነ ጊዜ እኩል ቁልቁል እየተመታ ሲወርድ ነው። አንድ ቫልቭ አልተዘጋም፤ ክፍተቱን እዩ። መርፌው ረግቶ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩን 4 ዲግሪ አስቀድሙ። ከፍ ካለ የእሳት ጉዳይ ነበር። ካልተንቀሳቀሰ የአየር ማስገቢያ ፈልጉ፦ የኢንቴክ ጓርኒሲዮን፣ የካርቡሬተሩ ሥር፣ የቡስተር ቱቦ። ለመፈለጊያ የሳሙና ውሃ ርጩ፣ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይረጭም።

ኮምፕረሽን። ሞተሩ ይጋል፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፣ እሳቱ ይነቀል፣ ጋዙ እስከ ታች ይረገጥ። ዝቅተኛ ቦታ 175 ፒኤስአይ የሚሰጥ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 130 ገደማ ይሰጣል። ረጅም ዱሬሽን ያለው ካም ኢንቴኩን ዘግይቶ ስለሚዘጋ ሌላም ይቀንሳል። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ዝቅ ብለው እኩል ከሆኑ ጤና ነው፣ ወይም ደረጃ 3ን ከዘለላችሁት ካሙ ዘግይቷል። አንዱ ብቻ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ቫልቭ ወይም የፒስተን ፋሻ ነው።

የፍሬን ማስጠንቀቂያ። መኪናው የፍሬን ቡስተር ካለው የሚሠራው በዚሁ ቫኪዩም ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ ርገጡ። በሦስተኛው ከደነደነ መንገድ አትውጡ። መጀመሪያ ሚኒሞውንና እሳቱን አስተካክሉ። ካልበቃ የቫኪዩም ማጠራቀሚያ ጨምሩ።

## ደረጃ 8፦ የእሳቱን አካሄድ አስተካክሉ

የቫኪዩም አድቫንሱን (እሳቱን በቫኪዩም የሚያስቀድመውን) ቱቦ ነቅላችሁ ድፈኑ። ሚኒሞውን ሞተሩ ሳይጠፋ እስከሚችለው ድረስ ዝቅ አድርጉ። በታይሚንግ መብራት በሚኒሞ፣ በ1,500፣ በ2,000፣ በ2,500፣ በ3,000 እና በ3,500 ዙር ለክታችሁ ጻፉ።

ስፖርት ካም በሚኒሞ ላይ ከፋብሪካው የበለጠ መቅደም ይወዳል። ከ10 እስከ 14 ዲግሪ መካከል ጀምሩ። ጠቅላላው ደግሞ በ3,500 ዙር ከ30 እስከ 34 እንዳያልፍ። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲደመሩ ነው። በሚኒሞ 14 አድርጋችሁ የዲስትሪቢዩተሩ ክብደቶች (ዙር ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድሙት) 24 ከጨመሩ ጠቅላላው 38 ይሆናል። ያ ለረጅም ዳገት አይሆንም። የክብደቱን ጉዞ የሚገድብ ማቆሚያ አሠሩ። ይህን የዲስትሪቢዩተር ሥራ ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይሻላል።

ምልክቱ በመብራቱ ሥር ከወዲያ ወዲህ ከዘለለ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቡሽ አልቋል ወይም ካቴናው ልል ነው። ሚኒሞው ዝቅ ሲል እሳቱ አብሮ እየዘገየ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ የክብደቱ ስፕሪንግ ላልቶ ቀድሞ እየተከፈተ ነው።

የቫኪዩም ቱቦውን በመጨረሻ መልሱ። በሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚወዛወዝ ከሆነ ቱቦውን ከማኒፎልዱ አንሥታችሁ ከካርቡሬተሩ ቫልቭ በላይ ካለው ቀዳዳ ጋር አገናኙ።

## ደረጃ 9፦ አሁን ካርቡሬተር

የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ እጅ ያህል ቀጭን ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተመረጠ ጀት (የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቀዳዳ) እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ጀቱን አንድ ቁጥር ብቻ ዝቅ አድርጉ፣ ንዱ፣ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ቡናማ ግራጫ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፤ መልሱ።

የሚኒሞ ነዳጅ ብሎን ስታዞሩት ምንም ለውጥ ከሌለ ብሎኑን አትውቀሱ። ሞተሩ በሚኒሞ እንዳይጠፋ ብላችሁ የጋዙን ቫልቭ ብዙ ከፍታችኋል። ሲከፈት ነዳጁ ከሚኒሞው ቀዳዳ ሳይሆን ከመሸጋገሪያው ቀዳዳ ይመጣል። መፍትሔው እሳቱን ሁለት ዲግሪ አስቀድሞ ቫልቩን መዝጋት ነው። ደረጃ 8 ከዚህ የሚቀድመው ለዚህ ነው። ሚኒሞውን ከ900 እስከ 1,000 ዙር ተዉት። በፋብሪካው ቁጥር እንዲቆም አታስገድዱት።

## ደረጃ 10፦ መንገድ ላይ፣ ከዚያም ቆላ

ዳገት ላይ በ3ኛ ማርሽ ከ2,000 ዙር ጋዙን ሙሉ ርገጡ። መስኮቱን ክፈቱ። ጋዝ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ፣ ሲለቀቅ የሚጠፋ ደረቅ የብረት ማንኳኳት የእሳት መቅደም ነው። በሚኒሞም የሚሰማ ተክ ተክ ግን ቫልቭ ነው። ካንኳኳ እሳቱን 2 ዲግሪ አዘግዩና ድገሙ።

አዲስ አበባ ላይ ሳያንኳኳ የሄደ መኪና አዳማ ሲወርድ፣ ይልቁንም 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዋሽ ሲደርስ ሊያንኳኳ ይችላል። አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል፣ ሲሊንደሩ የሚሞላው ይጨምራል። እዚህ የተስተካከለው ጀትም እዚያ ነዳጅ ያንሰዋል። ቆላ ለመውረድ ካሰባችሁ ከመነሣታችሁ በፊት እሳቱን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ አዘግዩ፣ የቀድሞውን ጀት በእጃችሁ ያዙ። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ የአዲስ አበባውንና የቆላውን ቦታ በሁለት ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ስትመለሱ ያለ መብራትም ቦታው ላይ ይገባል።

500 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቫልቮቹን ሞተሩ ግሎ ደግማችሁ ለኩ። አንድ ቫልቭ ክፍተቱ ብቻውን ሰፍቶ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ አትለፉት። ዳያል ጌጁን አውጡና የዚያን ፑሽሮድ ሊፍት ደረጃ 3 ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።